እህቴ የጠጣችው መድኃኒት

ሐምሌ 3 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ሰበታ

ይሄ የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ ደብተሬ ነው። መጀመሪያው ላይ የአበባ ክፍሎች ተስለውበታል። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልሄድኩማ። አይጥ ከሚበላው ብዬ ልጽፍበት ነው። ሰርቆ የሚያነብ ካለ እጁ ይቆረጥ።

"ፀሐይ፣ ምነው ተውሽው?" የሚለኝ ሰው ብዛት! ለእህቴ ለተረፈች ሒሳብ ከበደኝ ብያታለሁ። እውነቱ ግን የክፍሉ አለቃ "የመካኗ እህት፣ ሰሌዳ አጥፊ" አለኝ፤ በዳስተሩ አፍንጫውን አልኩት። ደም በደም ሆነ። ዳይሬክተሩ ይቅርታ ጠይቂ፣ አሳዳጊሽን አምጪ አለ። አሳዳጊዬ ተረፈች ናት፤ እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። እሷን ወስጄ ልጁ ምን እንዳለኝ ፊቷ ላይ ልናገር? ይቅርብኝ።

ዛሬ የባሏ የጋሼ ብዙነህ እናት ከሱሉልታ መጡ። እማማ ጥሩሰው። ሻንጣቸው ትልቅ ነው። በትልቅ ሻንጣ የመጣ እንግዳ ቶሎ አይሄድም።

ሐምሌ 6

አልተሳሳትኩም። የመጡት ለዚሁ ለልጅ ጉዳይ ነው።

ተረፈች ቤት ትጠርጋለች፣ እሳቸው መደቡ ላይ ተቀምጠው፦ "ስምንት ዓመት ሙሉ ስትጠርጊ ኖርሽ፤ የሚያቆሽሽልሽ አልወለድሽ።"

"እኔ አለሁ አይደል እማማ፣ የማቆሽሽ" አልኩ።

"አንቺማ የሰው ልጅ ነሽ። ቂጣ አብልታ ታሳድግሻለች፣ ነገ ትሄጃለሽ።"

ልመልስ አፌን ስከፍት ተረፈች በዓይኗ ዘጋችው። ጋሼ ብዙነህ ካፖርቱን እየቆለፈ ነበር፤ የፋብሪካው መጋዘን ጸሐፊ ነው፣ ሁለት ሰዓት ይገባል። ቁልፉን አሳስቶ ቆለፈ፣ ፈታው፣ እንደገና አሳሳተ። ከዚያ ሳይበላ ወጣ።

ሐምሌ 10

ረቡዕ። እንደ ወትሮው ተረፈች እንዝርቷን ይዛ አዴ ጠጅቱ ዘንድ ለፈትል ሄደች። አዴ ጠጅቱ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሰበታ ከተማ ሳይሆን ገና እርሻ እያለ ጀምሮ እዚሁ የኖሩ ባልቴት። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። "ጭስ ነው" አለች። እንዝርቱ ላይ ያለው ክር ያው የግንቦቱ ነው። እንደሷ ሰነፍ ፈታይ አላየሁም።

ሐምሌ 15

ክሊኒክ ሄድን፤ እማማ ጥሩሰው፣ ተረፈች፣ እኔ። ድሬሰሩ አብዶ ይባላል፤ ሰው ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው፣ እሱም አይቃወምም።

እማማ ገና ሳይቀመጡ "ይቺን ማኅፀኗን እይልኝ" አሉ፣ እንደ በግ።

"ባለቤቷስ?"

"ባለቤቷ ምን ሆነና?"

"እናቴ፣ ልጅ የሚወለደው ከሁለት ሰው ነው። አንዱን ብቻ ማመላለስ በአንድ ጎማ ጋሪ መንዳት ነው። እሱም ይምጣና ይታይ።"

እማማ ጥሩሰው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እንደዚያ ደንግጠው አይቻቸው አላውቅም፤ ደስ አለኝ። "ልጄን? ወንዱን? የዚህ አገር ሰው ጉድ ነው!" አሉ።

የገረመኝ ግን ተረፈች ናት። ዘልላ ተነሳች። "አይ፣ አይ፣ እሱ ሥራ አይመቸውም። የኔ ነው ችግሩ። ከእናቴም ወገን እንዲህ ያለ ነበር" አለች። ውሸት! እናታችን አምስት ወልዳለች፤ ሦስቱን አፈር በላቸው እንጂ። ከክሊኒክ ስንወጣ ብጠይቃት "ዝም በይ" ብላ ክንዴን ጨመቀችው። እስካሁን ያመኛል።

ሐምሌ 22

መድኃኒት መጣ። እማማ ከሱሉልታ ወዲያ ካለ አዋቂ ነው ያስመጡት። ሥር ነው፣ ተቀጥቅጦ በጠርሙስ የተዘፈዘፈ። ሃያ አንድ ቀን በባዶ ሆድ። ሽታው ከሞተ አይጥ ይከፋል።

ጠዋት ጠጣችው። እማማ ቆመው ያያሉ። ጋሼ ብዙነህም በር ላይ ቆሞ ያያል። ስትውጠው የሱም ጉሮሮ አብሮ ወረደ።

ሐምሌ 25

አስታወከች። እማማ ሌላ ብርጭቆ ቀድተው ሰጧት።

ሐምሌ 29

ዛሬ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ቦኖው ጋ ወደቀች። የአዴ ጠጅቱ ልጅ ኩምሳ በጋሪው አመጣት፤ ጭቃ በጭቃ ሆና። ፊቷ ቢጫ ነው።

እኔ ጠርሙሱን በነጠላዬ ደብቄ አብዶ ጋ ሮጥኩ። አሸተተና ክዳኑን ዘጋው። "ይሄን በየቀኑ ከጠጣች ልጅ ቀርቶ ራሷም አትተርፍም። አስጥያት።"

ማታ ጋሼ ብዙነህን በር ላይ ጠበቅኩት። ይሄን ሰው እወደው ነበር፤ ብስክሌት ያስተማረኝ እሱ ነው፣ አሁን የምጽፍበትንም እስክሪብቶ የገዛልኝ እሱ።

"ጋሼ፣ እናትህን አንድ ነገር በላቸው። እየገደሏት ነው።"

"ነገ እነግራቸዋለሁ" አለ። ጠላ ጠላ ይሸታል።

"ነገ ስንተኛው ብርጭቆ ላይ?"

አልፎኝ ገባ። ምን ዓይነት ወንድ ነው? እኔ ብሆን ጠርሙሱን ግድግዳ ላይ ነበር።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። በጾሙም መጠጣቷ አልቀረም። ጋሼ ነገ ያለው ገና ነው። ዛሬ ሁለት ጊዜ ሰደብኩት፤ አንዱን ሰምቷል።

ነሐሴ 6

ከጫካው ሥር ወዳለው ጠበል ሄድን። ዝናብ፣ ብርድ፣ ሃምሳ የሚሆኑ ሴቶች። ልጅ ፈላጊዎቹ ለብቻ ተሰብስበዋል፤ አንዷ ሌላዋን ጀርባ ታሻለች፣ ይሳሳቃሉ ደግሞ። አንዲት ከመናገሻ የመጣች ሴት "አሥራ ሁለት ዓመት! ጠበሉ ራሱ ስሜን ያውቀዋል" ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። ተረፈች ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! እዚያ ማንም "ምነው?" ብሎ አይጠይቅማ።

ከዚያ ፊቷን ወደ ድንጋዩ አዙራ ስትጸልይ ሰማኋት። እንዲህ አለች፦ "እመቤቴ፣ እሱን አታሳፍሪብኝ። እንዳይሰበርብኝ።"

እሱን? ምን ሆነና ይሰበራል? የተሰበረችው እሷ። ሰው እንዴት በራሱ ጸሎት ላይ እንኳ ራሱን ይረሳል! ተናድጄ የጠበሉን ጀሪካን ረግጬ ደፋሁት።

ነሐሴ 9

ከጓዳ ሆኜ የሰማሁት። እማማ ለንስሐ አባታችን፦ "የኪዳነ ምሕረት ማኅበር በአሥራ ስድስት በዚህ ቤት ነው። ማኅበርተኛው ባለበት እናገራለሁ። ጋብቻቸው የሰማንያ ነው፣ ቁርባን የለበትም፤ በሰላም ትልቀቅ። ሱሉልታ ልጅ አጭቼለታለሁ።"

አባ ተዉ አላሉም። "ይታሰብበት" አሉ።  ተረፈችን ከቤቷ ሊያስወጧት ነው። ዳቦውን እሷው ጋግራ፣ ጠላውን እሷው ጠምቃ።

ነሐሴ 11

እግዚኦ።

ጣሪያው አፈሰሰ። ቤት ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። የጋሼን የእንጨት ሳጥን ስጎትት ክዳኑ ተከፈተ፤ ወረቀቶቹ ረጥበዋል። ላደርቃቸው በገመድ ላይ ስዘረጋ አንዱ በእንግሊዝኛ በታይፕ የተጻፈ፣ የአዲስ አበባ ሐኪም ቤት ማኅተም ያለበት። ስሙ የተረፈች አይደለም። የሱ ነው። ብዙነህ። የዛሬ ሦስት ዓመት።

ብዙውን ቃል አላውቀውም። ግን ከታች በሳጥን ውስጥ ብቻውን የተጻፈ ቁጥር አለ። ዜሮ። ዜሮ ለማንበብ እንግሊዝኛ አያስፈልግም፤ እኔ በሒሳብ ስንቴ አግኝቼዋለሁ።

ነሐሴ 12

አብዶ ወረቀቱን አየ፣ አጠፈ፣ መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠ። "ከየት አመጣሽው? ያንቺ አይደለም። መልሺው።"

"ዜሮው ምን ማለት ነው?"

"የሰው ምስጢር ለሌላ ሰው አላነብም።"

"ዜሮ ዜሮ ነው አይደል?"

ወደ መስኮት ዞረ። ሲዞር ፊቱን አየሁት፤ በቃኝ።

ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት እያወቀ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ስትጠጣ እያየ! ብስክሌት ያስተማረኝ ሰው! ተረፈች ታውቅ ይሆን ብዬ አላሰብኩም፤ ብታውቅማ እንዴት ትጠጣለች?

ነሐሴ 16

አደረግኩት።  መጻፍ አልችልም።

ነሐሴ 17

አልተኛሁም። ልጻፈው።

ማኅበርተኛው ሞልቷል፣ ጾም ተፈትቷል፣ ዶሮው ቀርቧል። ተረፈች ማንቆርቆሪያ ይዛ ታስታጥባለች፤ እግሯ ይንቀጠቀጣል፤ ያ መድኃኒት። እማማ ጥሩሰው ተነሱ። "ማኅበርተኞች፣ ምስክር ሁኑኝ። የልጄ ዘር ሊጠፋ ነው። ይቺ ልጅ ክፉ አይደለችም፣ መሬቷ ግን አላበቀለም። በሰላም ትልቀቅልን" አሉ።

ጋሼ ብዙነህን አየሁት። እንጀራውን ያያል። ተረፈች ስናደድ እስከ አሥር ቁጠሪ ብላ ነው ያሳደገችኝ። ቆጠርኩ። ሰባት ላይ ደረስኩ።

ወረቀቱን ከደረቴ አውጥቼ መሶቡ ላይ ጣልኩት። "ማንበብ የሚችል ያንብብ! የማን ስም ነው? ዜሮው የማን ነው? መሬቷ? ዘር የሌለው ገበሬ መሬት ይሰድባል እንዴ! ብዙነህ ብለው ስም አወጡለት፣ አንድ እንኳ የለው!"

 ከዚያ በሩ አጠገብ አንድ ሰው ሳቀ። አጭር ሳቅ ናት። አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለች። ጋሼ ብዙነህ ተነሳ፣ ባርኔጣውን ሳያደርግ በዝናቡ ወጣ።

እኔ ተረፈች የምታቅፈኝ መስሎኝ ነበር። እግዜር ያሳያችሁ! ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ፣ ወረቀቱን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝና በጥፊ አለችኝ። መትታኝ የማታውቅ ሴት።

"ማን ጠየቀሽ? ማን ጠየቀሽ?"

"እሱ እኮ ነው..."

"ሳላውቅ ቀርቼ መሰለሽ? አብረን ነበር የሄድነው! እኔን ደህና ነሽ አሉኝ። እሱ መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሰው እያየው አለቀሰ። ማንም አያውቅም አልኩት። ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን በአንድ አፍ..."

"በሆዴ" አለች፣ ልጅ እንደያዘች ሴት። ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች።  ለካ እያወቀች ነው የጠጣችው።

ነሐሴ 21

ጋሼ የለም። ፋብሪካም አልሄደም። ገጠር ነው፣ ወንዝ ነው፣ የሚባለው ብዙ ነው። ተረፈች አታናግረኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ፊቷን አታዞርም።

እማማ ጥሩሰው ሱሉልታ አልተመለሱም። ከመደቡ አይነሱም። ዛሬ ጠርሙሱን ይዘው ወጥተው ሽንት ቤት ደፉት። ተመልሰው ተረፈችን "እጅሽን አሳዪኝ" አሏት፤ ጥፍሯ ቢጫ ነው። እጇን ይዘው ብዙ ቆዩ።  ያቺ ሁሉ ምላስ የት ገባች?

ነሐሴ 27

አዴ ጠጅቱ ጋ ሄድኩ። "አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ"፣ እንዴት አደርሽ ልጄ አሉኝና ቂጣ ሰጡኝ። ከዚያ አልቅሼ አላበቃሁም።

"ያውቁ ነበር?"

"ረቡዕ ረቡዕ ምን ስናደርግ መሰለሽ? ታወራለች፣ እሰማለሁ። ታለቅሳለች፣ እሰማለሁ። እኔም አልወለድኩም፤ ኩምሳን በጉዲፈቻ ነው የወሰድኩት፣ ሰው አሁን ረስቶታል። ከኔ በቀር ለማን ታውራው?"

እኔ ደግሞ ሰነፍ ፈታይ ስላት!

"ምን ላድርግ አዴ?"

"ብዙነህ ቡራዩ ነው፤ የድሮ ጓደኛው ዘንድ። ኩምሳ አይቶታል። ሄደሽ ድንጋይ ተሸከሚ።"

"እሱ ነው ይቅርታ መጠየቅ ያለበት! ስትጠጣ እያየ..."

"ጨሊሲ! ዝም በይ!" አሉ። እንደዚያ ጮኸው አያውቁም። "የሱን እዳ እሱ ይክፈል። አንቺ ስላንቺ ነው የምትሄጂው። ምስጢሩ እውነት ነው፤ የተናገርሽው ግን ሰው መሐል አዋርደሽው ነው።"

ጳጉሜ 2

ቡራዩ ደርሼ መጣሁ።

ከአውቶቡስ ወርጄ መንገድ ዳር ድንጋይ ፈለግኩ። ትንሽ አነሳሁ፣ የብርቱካን ያህል። ጥቂት ሄጄ አፈርኩ፤ ጣልኩና ትልቅ አነሳሁ። አንገቴ ላይ አድርጌ በጭቃው ስሄድ ልጆች ተከተሉኝ። "ምን አጥፍታ ነው?" "ሰው ገድላ ነው!" "ዶሮ ሰርቃ ነው!" ልጣላቸው ነበር፣ ግን ድንጋይ ተሸክሞ ጠብ አያምርም።

ጋሼ ብዙነህ በር ላይ ተቀምጧል። ጺሙን አልተላጨም። አየኝ። "ጣይው" አላለም፤ እኔም ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ዝናብ ጀመረ።

"እሷ ምን አለች?" አለ።

"መታችኝ።"

"አንቺን?"

"በጥፊ።"

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "ዜሮውስ ዜሮ ነው። በስሜ ላይ ያልሽው ግን... ሰውየው ሳቀ እኮ።"

"ሰምቼዋለሁ። በየቀኑ እሰማዋለሁ። ይቅር በለኝ፣ ጋሼ።"

"የዚያኑ ቀን፣ ከሐኪም ቤት ስንመለስ፣ ሂጂ፣ ሌላ አግቢ ብያት ነበር። እምቢ አለች። ከዚያ እናቴ መጣች። በየጠዋቱ ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ። ቆሜ አያለሁ። ትጠጣለች። ነገ እላለሁ።" አንገቱን ነቀነቀ። "ጣይው። ይቅር ለእግዚአብሔር። አንገትሽ ተላጠ።"

"ትመጣለህ?"

"እንዴት አድርጌ አያታለሁ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። እኔን እንኳ አታየኝም።"

መስከረም 1 ቀን 1961

መጣ! በአዲስ ዓመት ጠዋት፣ ተላጭቶ።  እማማ ጥሩሰው ልጃቸውን ሊያቅፉ ሲነሱ ተረፈች ቀደመቻቸው። ታቅፈዋለች ብዬ ነበር።

ጮኸች። ተረፈች! ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቀው ተረፈች። "ስጠጣ እያየኸኝ! እያየኸኝ! ስሸሽግህ ደስ እያለኝ ነበር፣ አልከበደኝም ነበር! አንተ ግን በር ላይ ቆመህ ቁልፍህን ትቆልፋለህ!" ሌላም አለች፤ እኔ የማልናገረውን ስድብ እንኳ አለች። ንዴቴን ከየት ተማርኩት እል ነበር፤ ለካ ከሷ ነው።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ሽማግሌዎች ሊገላግሉ ሲገቡ አዴ ጠጅቱ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። "ማንም አይገባም። እርቅ አሁን አይደለም። ይውጣላት።" ሰው ደነገጠ፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ገላጋይ መከልከል የት አገር ታይቷል? እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። እማማ ጥሩሰው ጭምር ውጪ ቀሩ፣ እሳቸውም ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ሰሙ። ከውስጥ የሚሰማው የሷ ድምፅ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። በሩ ተከፈተ። ተረፈች ዓይኗ አብጦ ወጣችና አየችኝ። ከሃያ ቀን በኋላ አየችኝ!

"ምሳ በላሽ?" አለች፣ በጎረነነ ድምፅ።

መስከረም 5

ተረፈች ወስናለች። ከቤቷ አትወጣም። እሱንም አታስወጣም። ግን አንድ ነገር አለችው፦ "ለመስቀል ዘመዶችህ ሱሉልታ ይሰበሰባሉ። ስምንት ዓመት ስሜን የጠሩበት ቤት ነው። በራስህ አፍ ትነግራቸዋለህ። አለዚያ ያን ቀን እዚያው ትቀራለህ፣ እኔ ብቻዬን እመለሳለሁ።"

እሺ አለ። እሺ ማለትማ ምን አለው፤ "ነገ" ሲልም ኖሯል።

ለኔ ደግሞ፦ "አንቺ አብረሽ ትመጫለሽ። አፍሽን አትከፍቺም። እሱ ዝም ቢል እንኳ አትከፍቺም።"

"ቢዋሽስ?"

"ቢዋሽም። ባሌ ነው፣ እኔ አውቃለሁ።"

መስከረም 18፣ ሱሉልታ

መስቀል ዓርብ ዋለና ሥጋው ለዛሬ ተላለፈ። ቤቱ ጢም ብሏል። ገና ሳንቀመጥ አንዱ ያጎቱ ልጅ፦ "ብዙነህ! ዘንድሮም ባዶ እጃችሁን መጣችሁ?" አለ። ሁሉም ሳቀ። ተረፈች ጉልበቴን በጥፍሯ ያዘችው። ምላሴን ነከስኩ፤ ቃል በቃል፣ ደም ቀመስኩ።

ጋሼ ብዙነህ ተነሳ። ብርሌው እጁ ላይ ነው። ቆመ። ቆየ። ሰው ምርቃት መስሎት ጸጥ አለ፣ ከዚያ ደግሞ መንሾካሾክ ጀመረ። ፊቱ ላይ ላብ። ያ የበሩ ላይ ፊት ነው፣ አውቀዋለሁ። አይናገርም አልኩ በልቤ። ተረፈችን አየኋት፤ እሷ አትረዳውም፣ አትለምነውም፣ ቀና ብላ ታየዋለች ብቻ። እሱ ቢቀመጥ ተነስታ እንደምትሄድ አየሁ። ነጠላዋን አጣፍታለች።

ያኔ እማማ ጥሩሰው ቢላዋውን ሥጋው ላይ አስቀመጡ።

"ዝም በሉ" አሉ ለዘመዶቻቸው ሁሉ።  "ዝም በሉ፤ ልጄ የሚናገረው አለ። ከዚያ በኋላ እኔም ለዚች ልጅ የምናገረው አለኝ።"

ተናገረ። እስከ መጨረሻው። ድምፁ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰበረ፣ ጠበቁት፣ ቀጠለ። የሳቀ የለም። ተረፈች ነጠላዋን ፈታችና አጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት።

ምን እንዳለ እዚህ አልጽፈውም። የሱ ነው።